ከመዶሻው በፊት ወደ ቀጥቃጩ ቤት



በዚህ ዘመን ከወጣቶቻችን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «በትርፍ ጊዜዬ ብረት መቀጥቀጥ መማር እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ይላሉ። ብዙዎቹ ነገሩን ያዩት በስልካቸው ነው። በሩቅ አገር ያለ ሰው በግቢው ጥግ ትንሽ ምድጃ ይሠራና ከአሮጌ መኪና ብረት ቢላ ያወጣል። እነርሱም መስፉ፣ መዶሻው፣ ከሰሉ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የምናውቀውንም ከዚህ በታች እንጽፋለን። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ የምትማሩት ከማን ነው? የእኛ አቋም ይህ ነው፤ በይርጋጨፌ የሚኖር ክርስቲያን ይህን ሙያ ሲጀምር የመጀመሪያ እርምጃው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ብረት ቀጥቃጩ ቤት መሆን አለበት።

ለምን? ዓለም ይርጋጨፌን የሚያውቃት በቡናዋ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ብዙዎቻችን እግዚአብሔርን አመስግነናል። እንሰቱ፣ ቡናውና አገር በቀሉ ዛፍ በአንድ ማሳ ተደጋግፈው የሚያድጉበት ምድር ነው። ታዲያ ይህ ተዳፋት በትራክተር አልለማም። በዶማ ተቆፈረ፣ በመጥረቢያ ተቆረጠ፣ በማጭድና በገጀራ ተመነጠረ። ከእያንዳንዱ ዶማ ጀርባ ደግሞ እሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ነበር። የምድሩ ምስጋና ለዚያ ሰው ደርሶታል ወይ?

እውነቱን እንነጋገር። በሀገራችን በሰሜንም በደቡብም ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተብሎበታል። ልጁን የሚያገባለት፣ ቤቱ ገብቶ የሚበላ ሰው ሲያጣ ኖሯል። «ባለ እጅ» የሚለው ስም ራሱ ክብር መሆን ሲገባው ስድብ ሆነ። እጅ ያለው፣ በእጁ የሚያበጅ ማለት ነበር! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሹክሹክታው ግን ዛሬም በሰርግ ምክክር ላይ ይሰማል። «ዘሩን አጣሩ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዐዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ወንጌል ነው።

የእግዚአብሔር ቃል ስለዚህ ሙያ ዝም አላለም። የብረትና የናስ ሥራ ገና በዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ከቱባልቃይን ስም ጋር ተጠቅሷል። በኢሳይያስ 54፥16 እሳቱን እያናፋ ዕቃ የሚያወጣውን ሠሪ የፈጠርሁት እኔ ነኝ ይላል እግዚአብሔር። እርሱ «ፈጠርሁት» ያለውን ሰው «ቡዳ» ብሎ የሚጠራ ምላስ ከማን ጋር እየተከራከረ ነው? በ1ኛ ሳሙኤል 13፥19-22 ያለው ታሪክም ልብ ይነካል። ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይኖር አደረጉ። ሕዝቡም ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ እየወረደ ይከፍል ነበር። በጦርነቱም ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍ ወይም ጦር የያዘ አልተገኘም። ሠሪውን ያጣ ሕዝብ ጎንበስ ብሎ ይኖራል። በእስራኤል ሠሪውን ያጠፋው ጠላት ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ንቀታችን ራሱ ይህን ሊያደርግ ይችላል። የሚናቅ አባት ሙያውን ለልጁ ማውረስ አይፈልግምና።

አንዳንዶች «በዚያ ቤት መንፈስ አለ፤ አማኝ መጠንቀቅ አለበት» ይሉናል። እኛ ግን እንጠይቃቸዋለን፤ ክርስቶስ በመስቀሉ ያፈረሰውን የጥል ግድግዳ (ኤፌ. 2፥14) በአንድ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ መልሰን ልንሠራው እንችላለን? የሚያስፈራን እምነት ከእርሱ ቤት ሳይሆን ከራሳችን ወሬ የወጣ ነው። በጌታ ራት አብረን ቆርሰን በቤቱ ቡና ለመጠጣት የምናመነታ ከሆነ፣ ገና ያልተነካ የልብ ክፍል አለን ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ጅማሬያችሁ እንዲህ ይሁን። በአካባቢያችሁ ያለውን ቀጥቃጭ ፈልጉ። «አባባ፣ ሙያዎን መማር እፈልጋለሁ፤ ተቀምጬ ልመልከት?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። መጀመሪያ ወናፉን እንድትነፉ ቢያዝዟችሁ አታጉረምርሙ፤ እሳትን ማወቅ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ለጊዜያቸው ክፈሏቸው፤ «እኔ እኮ ለመዝናናት ነው» ብላችሁ የሰው እንጀራ በነፃ አትውሰዱ። ቡና ሲቀርብም ጠጡ። ያቺ ስኒ ከብዙ ስብከት በላይ ትናገራለች።

ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃው እንምጣ። ለጀማሪ ብዙ አያስፈልግም። በጭቃ የተለሰነ ትንሽ ምድጃ፣ ከሰል፣ አየር የሚሰጥ ወናፍ ወይም በእጅ የሚዞር ማናፈሻ፣ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን መዶሻ፣ ረጅም ጉጠትና ሞረድ ይበቃል። መስፍ ካጣችሁ ወፍራም የብረት ቁራጭ በጠንካራ ግንድ ላይ አስራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። በቀጭን ፌሮ ጀምሩ፤ ለስላሳ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል። የመኪና ባሊስትራ ካርቦኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ስለት ይይዛል፤ ነገር ግን ለጀማሪ እጅ አስቸጋሪ ነውና ለኋላ አቆዩት። የመጀመሪያ ሥራችሁ ቢላ አይሁን። ጫፉን ማሾል፣ ማጠፍ፣ መጠምዘዝ ተማሩና ልብስ የሚሰቀልበት ሜንጦ ሥሩ።

የብረቱን ቀለም ማንበብ ትልቁ ትምህርት ነው። ደብዛዛ ቀይ ሲሆን ለመምታት ገና ነው፤ ወደ ብርቱካንማና ቢጫ ሲሄድ ይታዘዛል፤ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ እየተቃጠለ ነው። ቀለሙ ሲደበዝዝ መምታት አቁሙና ወደ እሳቱ መልሱት፤ የቀዘቀዘ ብረት በኃይል ሲመታ ይሰነጠቃል። ባሊስትራ ላይ ስትደርሱ ደግሞ፣ ብረቱ ማግኔት መሳቡን እስኪተው (770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው) ይሞቅና ዘይት ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ እንደ መስታወት ተሰባሪ ስለሚሆን፣ ከ200 ዲግሪ ከፍ ባለ ሙቀት ቀስ ብሎ እንደገና መሞቅ ይኖርበታል። ይህን ግን ከመጽሐፍ ብቻ አትሞክሩት፤ አባባ እያዩ ይሁን።

ለጤናችሁም ተጠንቀቁ። የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ ናይለን ሳይሆን የጥጥ ልብስና የቆዳ ጫማ ልበሱ። ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ አታስገቡ፤ ጭሱ መርዝ ነው። አየር በሚገባበት ቦታ ሥሩ፤ ባልዲ ውኃ ከአጠገባችሁ አይጥፋ። ጥቁር የመሰለ ብረትም እጅ ሊያቃጥል እንደሚችል አትርሱ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ለምን እንደምትሠሩ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ የእጅ ባለሙያ ወንጌላውያን ወደ ሀገራችን ገብተው ነበር። አሳባቸው በእጃቸው እየሠሩ ቃሉን ማዳረስ ነበር። ንጉሡ ግን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ወጣ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። የተማረ እጅ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ካልወሰነ ሌላው ይወስንለታል። እኛም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ ወንድማማቾች መካከል ግጭት ተነሥቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል ያየን ሰዎች ነን። እንሰት የሚቆርጥ ስለት ሰውንም እንደሚቆርጥ አይጠፋንም። ስለዚህ ከሜንጦው ቀጥሎ የጎረቤታችሁን የደነዘዘ ዶማ አሹሉ፤ የአንዲት መበለትን የተሰበረ ማጭድ ጠግኑ። ነቢዩ ሰይፍ ማረሻ ሲሆን አየ (ኢሳ. 2፥4)፤ ይህ ራእይ እሳትና መዶሻ የሚይዝ ሰውም ይፈልጋል።

በየቤተ ክርስቲያናችን ያላችሁ የቀጥቃጭ ልጆች ሆይ፣ የአባታችሁን ሥራ አትደብቁ። ጌታችን ራሱ በናዝሬት በእጅ ሥራው ይታወቅ ነበር፤ በዚያም ምክንያት ሰዎች ተሰናክለውበታል (ማር. 6፥3)። የእናንተን መናቅ ያውቀዋል። ሽማግሌዎችና አገልጋዮችም፣ «ዘሩን አጣሩ» የሚል ቃል በጋብቻ ምክክር ሲነሣ በዝምታ አትለፉት።

በዚህ ሳምንት መዶሻ ከመግዛታችሁ በፊት የአንድ ቀጥቃጭን ስም እወቁ፤ ቤቱ ሄዳችሁም ሰላም በሉት። እሳቱ ከዚያ ይነድዳል።

ጌታ እጆቻችሁን ይባርክ።