ርዕሰ አንቀጽ፦ ብረቱ ከመሸጡ በፊት ባለሙያው ይጠየቅ



በግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመውን የድሮ የወፍጮ ሞተር አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ መዝኖ ሊገዛን መጠየቁን ሰምታችኋል። ከፊላችን «ይሸጥና ገንዘቡ ለመጸዳጃ ቤቱ ጣሪያ ይዋል» ስንል ከፊላችን «ይቆይ» ብለናል። በመጪው እሑድ ከመወሰናችን በፊት ስለ ሞተሩ ታላቅ ወንድም፣ ስለ እንፋሎት ባቡር፣ ጥቂት ልናወሳ ወደድን።

በምዕራብ ዓባያ ሐዲድ የለም፤ የብርብር ሙዝም የሚወጣው በመኪና ነው። ቢሆንም ባቡር የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በብዙ አገር ወፍጮውም ባቡር ይባላል።

ከጅቡቲ የሚመጣው ሐዲድ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቡናውን፣ ቆዳውንና መንገደኛውን የጎተተው እንፋሎት ነው። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ! እሳት አንዳጁ ባቡሩ ከመነሳቱ ብዙ ሰዓት ቀድሞ እሳቱን ያያይዛል። ውሃው ሲፈላ የታፈነው እንፋሎት ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም መንኮራኩሩን ያዞራል። ውሃው ከልኩ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ሊፈነዳ ስለሚችል ሰውየው ዓይኑን ከውሃ መለኪያው አይነቅልም። በዚያ በረሃ ደግሞ ውሃው ራሱ ጭንቅ ነበር። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የናፍጣ ሞተር ሲመጣ እንፋሎቱ ጡረታ ወጣ።

ድሬዳዋ የባቡሩ ወርክሾፕ ያሳደጋት ከተማ ናት። እዚያ ያሉ ሠራተኞች መለዋወጫ ከውጭ ሲጠፋ በቶርኖ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው ይሠሩ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መስመር ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈውት ነበር።

በጎረቤት ኤርትራ የሆነውን ደግሞ እንይ። ከምጽዋ አስመራ ያለው የ118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በጦርነቱ ጊዜ ተነቃቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጡረተኞቹ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ ከ70 ዓመት በላይ የሆኑም ነበሩባቸው። የተበተነውን ሐዲድ ሰብስበው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያን አገር በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩ የእንፋሎት ባቡሮችን ጠግነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መስመሩን እንደገና አስመራ አደረሱት። እንዴት ቻሉ ቢባል፣ ብረቱ ስላልቀለጠ ብቻ አይደለም። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ስለነበሩና ስለተጠየቁ ነው።

እኛስ? ሞተራችንን ሲያስነሱ የኖሩት አባት እዚሁ ሰፈር አሉ፤ ጉልበታቸው ግን እየደከመ ነው። የትኛው ቧንቧ የት እንደሚገባ፣ ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ የጻፈ ማንም የለም።

የጣሪያው ችግር እውነት መሆኑን አንክድም። ጣሪያ ግን በመዋጮ ይሠራል፤ የቀለጠ ሞተር በመዋጮ አይመለስም። ስለዚህ ሽያጩ እንዲቆይ፣ ሁለት ወጣቶች ተመርጠው ከእኚህ አባት ጎን ተቀምጠው የሚሉትን በደብተር እንዲጽፉ፣ ሞተሩም ከዝናብ የሚያስጥለው ዳስ እንዲሠራለት ሐሳብ እናቀርባለን።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት ሁላችሁም እንድትገኙ እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት