የላላ ሌንስ ሙጫ አይሻም

የቆየ የፊልም ካሜራ ሌንሱ ስለተወዛወዘ ብቻ መጣልም ሆነ በሱፐር ግሉ መለጠፍ ጥፋት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተመረተውን ዜኒት-ኢ እንውሰድ። ሄሊዮስ 44-2 የተባለው ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ ተጠምዝዞ ይገጥማል፤ የትኩረት ቀለበቱን የያዙት ደግሞ ሦስት ጥቃቅን ብሎኖች ናቸው። እነሱ ሲላሉ ቀለበቱ ይንገዋለላል፤ መድኃኒቱም በልካቸው የተሠራ ካቻቪቴና ትዕግሥት ነው። ሙጫ ግን ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ ነገ ለሚጠግነው ባለሙያም በሩን ይዘጋበታል። ሠሪዎቹ በብሎን ያሰሩት ተፈትቶ እንዲጠገን ነው። እባካችሁ፣ የአባቶቻችሁን ካሜራ ከመጣላችሁ በፊት ብሎኑን ፈትሹ፤ ካልሆነላችሁም ለባለሙያ አሳዩት።