የሐሩር ቀን ጎረቤት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 አሜሪካዊቷን ከተማ ቺካጎን የመታው ብርቱ ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎች ሕይወት አጥፍቷል። ሙቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ይበልጥ የተጎዱት ግን ጠያቂ የሌላቸው ድሃ አረጋውያን ናቸው። ብዙዎቹ ሌባ ፈርተው በርና መስኮታቸውን እንደዘጉ ሞቱ።

ከተማይቱም ትምህርት አገኘች። በ1999 ሙቀቱ ሲመለስ ሕዝቡን በጊዜ አስጠነቀቀች፤ ቀዝቃዛ መጠለያዎችን ከፈተች፤ ብቻቸውን ወደሚኖሩት አረጋውያን ቤት ፖሊሶችንና ሠራተኞችን ላከች። የሟቾቹ ቁጥርም 110 ገደማ ሆነ።

አየር ማቀዝቀዣ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በር ማንኳኳት ግን አይጠይቅም። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ሐሩሩ ሲበረታ ጎረቤት ያሉትን አዛውንት «እናታችን፣ እንዴት ዋሉ? ውሃ ጠጥተዋል?» በሏቸው። የጎረቤት ሐቅ ከሩቅ በሚሰጥ ሰላምታ ብቻ አይወጣም እንላለን።