የአሻንጉሊት ሰይፍ ስለምን ይጎብጣል?

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴ አሜሪካ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ ከጠረጴዛው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ያላቸው የጦረኛ አሻንጉሊቶች ደርድሮ ነበር። ማታ ማታ ሥራው ሲያበቃ ፋብሪካው የሰጣቸውን ሰይፍ፣ ጋሻና ካባ እያወለቀ በገዛ እጁ በሠራቸው ይተካቸዋል። እውነቱን ለመናገር ነገሩን የምመለከተው በንቀት ነበር። ዕድሜው ሠላሳ የደረሰ ሰው በአሻንጉሊት ሲጫወት ማየት ለእኔ እንግዳ ነው።

አንድ ምሽት ግን ጠራኝና፣ «የብረት ሰይፍ ሠርቼ ካስያዝኩት ወዲህ ክንዱ ቁልቁል እየወረደ አስቸገረኝ» አለኝ። «ብረት ስለሚከብድ ነዋ!» ስል መለስኩለት። «ውፍረቱን ወደ ሩብ ቀንሼዋለሁ፤ ታዲያ እንዴት ይከብዳል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የመለጠጥን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ የጻፍኩ ሰው፣ ስለ አንዲት የጣት ርዝመት ስላላት ሰይፍ የምናገረው አጣሁ።

ጉዳዩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ክንድና እግራቸው በመገጣጠሚያ የሚንቀሳቀሱት እነዚህ አሻንጉሊቶች «አክሽን ፊገር» የሚለውን ስያሜ ያገኙት ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 «ጂ አይ ጆ» የተሰኘውን ወታደር ለገበያ ባቀረበበት ጊዜ ነው። ወንዶች ልጆች «አሻንጉሊት» የሚል ስም የያዘ ነገር አይገዙም የሚል ሥጋት ስለነበረ አዲስ ስም ተፈለገለት። ያ የመጀመሪያው ወታደር ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለትም የሰው ስድስተኛ እጅ ነበር። ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በብዛት የሚገኘው የ15 ሴንቲሜትሩ ደግሞ የሰው አሥራ ሁለተኛ እጅ ነው።

እንግዲህ 90 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 4 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.2 ኪሎግራም ክብደት ያለውን እውነተኛ ሰይፍ በዚሁ ልክ እናሳንሰው። ርዝመቱ 7.5 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ የሚሊሜትር ሲሶ ይሆናል። ክብደቱ ግን የሚቀንሰው በ12 እጥፍ ሳይሆን 12 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው በ1728 እጥፍ ስለሆነ 0.7 ግራም ብቻ ይሆናል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የአንድ አካል ጥንካሬ ከወርዱና ከውፍረቱ ስፋት ጋር ሲሄድ ክብደቱ የሚሄደው ከይዘቱ ጋር ነው። ስለዚህ ግዙፍ ነገር በገዛ ክብደቱ ይጨነቃል፤ ትንሽ ነገር ግን ክብደቱን በቀላሉ ይሸከማል።

ታዲያ የፋብሪካው ትንሽ ሰይፍ ስለምን ይጎብጣል? የሚሠራው ከለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። ፋብሪካው እንዲህ ማድረጉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰይፉ በልጅ እጅ እንዳይሰበርና ዓይን እንዳይወጋ ነው። ልስላሴውን ለማካካስ 2 ሚሊሜትር ያህል ያወፍረዋል፤ ይህ በእውነተኛው ሰይፍ ልክ ሲሰላ 2.4 ሴንቲሜትር ውፍረት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰይፍ ዱላ እንጂ ሰይፍ አይመስልም።

ባልደረባዬ ሰይፉን 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የብረት ቅጠል ቆርጦ ሠራው። የአንድ ቅጠል ግትርነት ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ ውፍረቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ግትርነቱ በ64 እጥፍ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ብረት ከለስላሳ ፕላስቲክ በብዙ መቶ እጥፍ የበለጠ ግትር በመሆኑ ሰይፉ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሌላ በኩል ብረት በእኩል ይዘት ሲመዘን ከፕላስቲኩ 6 እጥፍ ያህል ይከብዳል። 6 ለ4 ሲካፈል 1.5 ነው፤ ስለዚህ የቀጠነው ሰይፍ ከወፍራሙ በግማሽ ያህል ይበልጥ ከበደ። የትከሻው መገጣጠሚያ ደግሞ ክንዱን የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ነው። ሰይፉ ተሻሻለ፤ ክንዱ ወደቀ።

መፍትሔው አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። አሉሚኒየም ከፕላስቲኩ 2 እጥፍ ያህል ብቻ ስለሚከብድ በዚያው ውፍረት የተሠራው ሰይፍ የፋብሪካውን ግማሽ ያህል መዘነ፤ ግትርነቱም በቂ ነበር። በተጨማሪም የላላውን መገጣጠሚያ በስሱ ግልጽ የጥፍር ቀለም ቀብቶ በማድረቅ ሰበቃውን ከፍ አደረገው። ክንዱም በቆመበት ጸና።

የካባው ነገር ከዚህም ይከብዳል። 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጥጥ ጨርቅ ለዚህ አሻንጉሊት 3.6 ሚሊሜትር ውፍረት እንዳለው ምንጣፍ ነው፤ ከትከሻው ላይ ተገትሮ ይቀራል እንጂ አይወርድም። ጨርቁን በ12 እጥፍ ማቅጠንም አይበቃም። ጨርቅ በክብደቱ ተስቦ ሲታጠፍ የሚታየው እጥፋት በ12 እጥፍ እንዲያንስ ውፍረቱ በ42 እጥፍ ገደማ መቅጠን እንዳለበት ስሌቱ ያሳያል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ከየት ይመጣል? በመሆኑም አዋቂዎቹ እጅግ ስስ ሐር መርጠው በጠርዙ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይሰፉበታል፤ ክብደት ያልሠራውን እጥፋት በእጃቸው ይሠሩታል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ እነሆ፦ አሳንሶ መሥራት መገልበጥ አይደለም። ተፈጥሮ በትልቁና በትንሹ ላይ በአንድ ዓይነት ልክ አትሠራም፤ ይህንን ደግሞ ከሰሌዳ ይልቅ እጅ አጥብቆ ያስተምራል። የተሻለ ትጥቅ ማለትም ውድ ትጥቅ ማለት ሳይሆን ምን እንደሚጠበቅና ምን እንደሚለወጥ አስቦ የወሰነ ሰው የሠራው ማለት ነው።

«ይህ የባለጸጋ አገር ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አሻንጉሊቱን መግዛት እንደማያስፈልግ እስማማለሁ። ነገር ግን የእኛም ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና፣ ከጭቃ በሬና ላም ሲሠሩ ኖረዋል። የጭቃው በሬ ቀንዱ ስለምን እንደሚወድቅ፣ እግሩስ ስለምን ወፍሮ እንደሚሠራ የጠየቃቸው መምህር ግን ምን ያህል ነው? ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን ሲያዋርድ የኖረው ልማዳችን ወደ ክፍላችንም ገብቷል ብዬ አምናለሁ። ቀመሩን በቃሉ የያዘውን እናመሰግናለን፤ እጁ ጭቃ የነካውን እናባርራለን። እኔም ባልደረባዬን የናቅሁት ይህንኑ ልማድ በሻንጣዬ ይዤ ስለሄድኩ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ማረሻም ይሁን መሶብ ወይም በር። በአሥራ ሁለተኛ እጁ ሥሩት። ከመሥራታችሁ በፊት ክብደቱን አስሉ፤ ከሠራችሁ በኋላ መዝኑት። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ አትዘኑ፤ ምክንያቱን ፈልጉ። እኛም መምህራን ያንን ሥራ ይዛችሁ ስትመጡ እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ፈተና ወረቀት ተቀብለን ልናርመው ይገባናል።