ከጉና ግርጌ እስከ ጣና ዳርቻ፦ የተሽከርካሪ እጥበትና የወንዞቻችን ጉዳይ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ክረምቱ አልፎ ጥቢ ሲገባ ከየገጠር ቀበሌው ወደ ዋናው መንገድ የሚወጡት ተሽከርካሪዎች የዋልካውን ጭቃ ተሸክመው ይወጣሉ። የጭነት አይሱዙው፣ የሕዝብ ማመላለሻው፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ ሁሉ መታጠብ ይፈልጋል። ለዚህ አመቺ መስሎ የሚታየው ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በድልድይ ሥር የሚያልፍ ወንዝ ወይም ከመንገድ ዳር የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ መኪናው ታጠበ፣ ውኃውም ፈሰሰ። ይሁን እንጂ በዚህ አካባቢ ማንኛውም ወንዝ ሰውና ከብት ወደማይኖርበት ስፍራ አይፈስም።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የአካባቢው የውኃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ምዕራብ በመፍሰስ፣ በሩዝ ምርቱ የሚታወቀውን የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከላይ ጋይንት ሰሜናዊ ገጽታ የሚወርደው ውኃ ተከዜን ሲቀላቀል፣ የደቡቡና የስማዳው በበሽሎና በሌሎች ገባሮች በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሊቃውንት ድጓ የሚያስመሰክሩባትን የጋይንቷን ቤተ ልሔም ጨምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የአብነት ተማሪዎች፣ ገበሬዎችና የገበያ መንደር ነዋሪዎች ከነዚሁ ምንጮችና ጅረቶች ይቀዳሉ። ከድልድዩ በላይ መኪና ሲታጠብ ከድልድዩ በታች እንስራ የሚሞላ ሰው አለ ማለት ነው።

ጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ፣ የእምቦጭ አረም በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ መስፋፋቱ የአገር አሳሳቢ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። እምቦጭ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የበለጸገ ውኃ ይወዳል። ፎስፈረስ ወደ ሐይቁ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ነው። እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ተገቢ ነው። ለጣና ዋነኛው ሸክም ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈርና ከማሳ የሚወርደው ማዳበሪያ እንጂ የመኪና ሳሙና አይደለም። ልዩነቱ፣ የተራራውን አፈር ለማስቀረት የአሥርት ዓመታት የተፋሰስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ የመኪና እጥበትን ከወንዙ ዳር ማንሣት በአንድ የበጋ ወራት ሊከናወን የሚችል መሆኑ ነው። ደግሞም ከመኪና ላይ የሚወርደው ሳሙና ብቻ አይደለም። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ግሪስ፣ ከፍሬን ሸራ የሚወጣ የብረትና የመዳብ ብናኝ፣ ከጎማ የሚፋቅ ቅሪት አብረውት ይሄዳሉ። እነዚህን ወንዙ በቀላሉ አያጠራቸውም፤ በደለሉ ውስጥ ተቀምጠው ይቆያሉ።

የውኃው መጠንም ሊታሰብ ይገባል። ከቧንቧ በጎማ የሚለቀቅ ውኃ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይፈሳል። መኪናው ለ10 ደቂቃ ያህል ውኃው ሳይዘጋ ቢታጠብ ከ100 እስከ 200 ሊትር፣ ማለትም ከ5 እስከ 10 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይፈጃል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው የንጹሕ መጠጥ ውኃ መለኪያ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ስለዚህ ያ የ10 ደቂቃ እጥበት ከ4 እስከ 8 የሚደርሱ ሰዎችን የዕለት ድርሻ ይወስዳል። በአንጻሩ በሁለት ባልዲና በጨርቅ በጥንቃቄ የሚታጠብ የቤት መኪና ከሦስት ጄሪካን የማይበልጥ ውኃ ይበቃዋል። የግፊት ማጠቢያ ማሽንም ብዙዎች እንደሚገምቱት ውኃ አባካኝ አይደለም፤ በደቂቃ የሚያወጣው ከተከፈተ ጎማ ያነሰ ነው። ዋናው ነገር የሚጠቀምበት ሰው ውኃውን መቼ መዝጋት እንዳለበት ማወቁ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎ ይደነግጋል። ከአጠቃቀሞች ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለቤት ውስጥ አገልግሎት፣ ማለትም ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና ነው። ይኸው አዋጅ ያለ ፈቃድ ቆሻሻን ወደ ውኃ አካል መልቀቅን አይፈቅድም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አካባቢን መበከልን ይከለክላል፤ የበከለውም ወገን ብክለቱን የማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ የመሸፈን ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል። የሁለቱም መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ነው፤ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከልን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 180/2017 አውጥቷል።

ክልከላ ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። የመኪና እጥበት፣ በተለምዶ ላቫጆ የሚባለው ሥራ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ዘርፍ ለሚደራጁ ወጣቶች በአነስተኛ መነሻ ገንዘብ የሚጀመር የዕለት እንጀራ ነው። ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ሳሙናና ጉልበት ካለ ይጀመራል። ወጣቱን ከወንዝ ዳር አንሥቶ ሌላ ቦታ ሳያሳዩ ማባረር፣ ነገ ማታ በጨለማ ወደዚያው ወንዝ እንዲመለስ ከማድረግ ሌላ ውጤት የለውም። የሚበጀው ከወንዝና ከምንጭ የራቀ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ፍሳሹ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወርድ ቦታ ማዘጋጀት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ቦታ አሠራር የተራቀቀ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ከወለሉ የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ ወደ አንድ ጉድጓድ ይገባል፤ እዚያ ረጋ ሲል ጭቃውና አሸዋው ከታች ይዘቅጣል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ገንዳ ይሸጋገራል። ዘይትና ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀልሉ በላይ ይንሳፈፋሉ። የገንዳው መውጫ ቱቦ ወደ ታች ታጥፎ ከሥር የሚስብ ስለሆነ ጠራ ያለው ውኃ ሲወጣ ዘይቱ ከላይ ይቀራል፤ በየጊዜውም ተቀድቶ በበርሜል ይጠራቀማል። የወጣው ውኃ እንደገና ለወለልና ለጎማ የመጀመሪያ እጥበት ሊያገለግል ይችላል። ሁለት ግድግዳና አንድ የታጠፈ ቱቦ የማበጀት ጉዳይ ነው፤ ድንጋይና ግንበኛ በማይጠፋበት በጋይንት ይህ ከባድ ሊሆን አይገባም። ጉድጓዱ በየጊዜው ካልተጠረገ ግን ከንቱ ነው፤ የሞላ ጉድጓድ ውኃውን ከነቆሻሻው አሳልፎ ይሰጣል።

ጎማው መጀመሪያ

የእጥበቱ ሥርዓትም የተሽከርካሪውን ደኅንነት ይነካል። በብዙ ቦታ ሰውነቱ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ጎማው በመጨረሻ ይታጠባል፤ ይህ ሥራውን ሁለት ጊዜ ያደርገዋል፤ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ የታጠበውን መልሶ ያቆሽሸዋልና። ጎማና ቸርኬ በቅድሚያ፣ በራሳቸው ባልዲና በራሳቸው ብሩሽ ይታጠባሉ። የጎማው ጨርቅ በጭራሽ የመኪናውን ቀለም መንካት የለበትም፤ በውስጡ የተያዘው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ከረጅም ቁልቁለት የወረደ መኪና ፍሬኑ ስለሚግል ቀዝቃዛ ውኃ ከመርጨት በፊት ጥላ ሥር ቆሞ መብረድ አለበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል።

በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ተጋግሮ የሚደርቀው ዋልካ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ ነው። አንድ ወገን ላይ የተለጠፈ ጥቂት ጭቃ የጎማውን ሚዛን ያዛባል፤ መኪናው ፍጥነት ሲጨምርም መሪው ይንቀጠቀጣል። ባለንብረቱ የመሪ ችግር መስሎት ጋራዥ ለጋራዥ ሲንከራተትና ገንዘቡን ሲያወጣ፣ መድኃኒቱ አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ብሩሽ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ጎማ ሌላም ጥቅም አለው፤ የተሰነጠቀው፣ ያበጠው፣ ምስማር የገባበት ወይም ዳዶው የላላው የሚታየው ጭቃው ሲነሣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚቀርብ ተሽከርካሪም ከታች ንጹሕ ሆኖ ቢቀርብ የሻንሲ ቁጥሩ በቀላሉ ይነበባል፤ የዘይት ፍሳሽ ካለም ከምንጩ ይለያል።

በግፊት ማሽን ሲታጠብ አፈሙዙን ከጎማው ጎን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል። ወደ ኩሽኔታው መከለያና ወደ ኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎች በቀጥታ መርጨት ውኃ ወደማይገባበት ያስገባል። ከእጥበት በኋላ ሻንሲን በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት የመርጨት ልማድ ደግሞ ሊቀር የሚገባው ነው። ለጊዜው ያብረቀርቃል እንጂ የጎማ ክፍሎችን ያሳብጣል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ በቀጣዩ ዝናብም ተንጠባጥቦ መሬት ይገባል።

ማድረቅ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ፀሐይ ላይ በራሱ እንዲደርቅ የተተወ መኪና ውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀርበታል፤ በበርና በፓራፋንጎ ሥር የሚያድር እርጥበትም ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ ጥላ ሥር ሆኖ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ማድረቅ ይመረጣል። ፍሬኑ ግን በጨርቅ አይደርቅም። ታጥቦ የሚነሣ አሽከርካሪ ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዳ ፍሬኑን ደጋግሞ ቀስ ብሎ በመርገጥ በሙቀት ሊያደርቀው ይገባል። በተለይ ከነፋስ መውጫ ታጥቦ ወደ ጋሸና የሚጓዝ ሰው ይህን ከጨጨሆ ቁልቁለት በፊት ማድረግ አለበት። እርጥብ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ዘግይቶ ይይዛል፤ በእንዲህ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ያቺ መዘግየት የሰው ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች።

ጎማ ጭቃን ብቻ አይሸከምም። ቅንጬ አረም በመባል የሚታወቀው ፓርቲኒየም አገራችን ከገባ ወዲህ የተስፋፋው በአመዛኙ መንገድን ተከትሎ ነው፤ ዘሩ በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ሆኖ በጎማ ይጓዛል። አንድ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ያፈራል፤ ሰብልና ግጦሽ ይሻማል፤ የሰው ቆዳ ያሳክካል፤ የበላችው ላም ወተትም ይመርራል። በወሎ ቆላማ አካባቢዎች ተንሰራፍቷል። ከወልድያ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰው፣ በሕዝቡ ዘንድ የቻይና መንገድ የሚባለው ጎዳና ሁለቱን አካባቢዎች ስለሚያገናኝ፣ ከቆላ የመጣ የጭነት መኪና በጋይንት ወንዝ ዳር ሲታጠብ ዘሩን እርጥበት ባለበት ለም አፈር ላይ ያራግፋል። ደለል ማቆያ ባለው ቦታ ቢታጠብ ግን ዘሩ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ የተጠረገውም ደለል በጥልቀት ይቀበራል። በጉድጓዱ ዙሪያ የበቀለ ካለ ሳያብብ በጓንት ተይዞ መነቀል ይኖርበታል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ ነው። እነዚህ መኪኖች ኃይል እየሞሉ ሳለ አይታጠቡም። የመሙያው ክዳን መዘጋቱ ይረጋገጣል፤ ከወለሉ በታች ባለው የባትሪ መጋጠሚያ ላይም ከፍተኛ ግፊት አይረጭም። የሞተር ዘይት ስለሌላቸው ፍሳሻቸው የቀለለ ቢሆንም የጎማና የሳሙና ቅሪቱ እንዳለ ነው።

የእጥበት ሥራ ለመጀመር ወይም ያለበትን ቦታ ለማስተካከል የሚፈልግ ግለሰብ ወይም ማኅበር ለቦታው የከተማውን አስተዳደር፣ ለውኃ አጠቃቀሙና ለፍሳሹ የወረዳውን የውኃና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለንግድ ፈቃዱ የንግድ ጽሕፈት ቤቱን ቀድሞ ማነጋገር ይጠበቅበታል። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ፍሳሹ በየት አድርጎ የት እንደሚደርስ፣ በአቅራቢያው ያለው ምንጭ ወይም የእጅ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ በቀላል ንድፍ አስደግፎ ያቀረበ አመልካች ጉዳዩ በግልጽ እንዲመረመርለት ይረዳል። የሚጠጣበት ወንዝ በእጥበት የተበከለበት ነዋሪም ለዚሁ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ በአቤቱታውም የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ከታች በኩል ውኃውን የሚጠቀሙትን መንደሮች ቢጠቅስ ለምርመራው ያግዛል።