ሰንጠረዥ በጨርቅና በኮምፒዩተር፦ ተራ ስለሌለው ወረራ

በምርምር መጽሔቶች «ሰንጠረዥ 1» እየተባለ የሚጻፈው ቃል አኃዝ ከመደርደሩ በፊት የጦርነት ጨዋታ ስም ነበር። ሥሩ በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» የሚባለው ሲሆን ትርጓሜው አራቱ የሠራዊት ክፍሎች፣ ማለትም ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ነው። በፋርስና በዐረብ በኩል «ሻትራንጅ» እየተባለ የመጣው ይህ ጨዋታ በኢትዮጵያ በመኳንንት ግቢ የረጅም ዘመን ታሪክ አለው። ዛሬ ደንቡ ወደ ኮምፒዩተር ተመልሷል። ሙከራው የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ያቆየው ሰንጠረዥን ነው ወይስ ሌላ ጨዋታን የሚለው ጥያቄ መነሣት ይገባዋል።

ጥያቄው የሚበረታው በአጀማመሩ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደፈጠነላቸው፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ያንቀሳቀሰውንም መልሶ ሊያነሣ ይችላል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ምርኮ ከተያዘ በኋላ ነው።

የስሜንን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ደንብ እንግዳ አይሆንም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እንዲህ ባለ ጦርነት ውጤቱን የሚያበጀው የውጊያው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ያለው ክተትና ግስጋሴም ነው። በክተት ደግሞ ማንም ለማንም ተራ አይሰጥም። ወረራ በቀይ ጨርቅ ላይ የተዘረጋ ክተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቼዝ ፕሮግራም ግን ከመሠረቱ የተራ መሣሪያ ነው። «ይህን ብሄድ ምን ይመልሳል፤ ያንን ቢመልስስ» እያለ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ያሰላል። በ1997 እ.ኤ.አ. ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉም በዚሁ መንገድ የሠራ ነበር። ወረራን በዚህ ስሌት ውስጥ ለማስገባት ቀላሉ ዘዴ ለሁለቱም የተወሰነ የእንቅስቃሴ ብዛት ሰጥቶ ማፈራረቅ ነው። ደንቡ የተጠበቀ ይመስላል፤ ወረራው ግን ቀርቷል። ኮምፒዩተር ያለ ተራ ማጫወት አይችልም ማለት አይደለም። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፉት፣ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ የሚዘምቱባቸው የኮምፒዩተር ጦርነቶች ከቼዝ ፕሮግራም ይልቅ ለወረራ ይቀርባሉ። በዚያም ቢሆን አንዱ ደባርቅ፣ ሌላው አዲስ አበባ ተቀምጠው በኢንተርኔት ቢጫወቱ፣ የመጀመሪያውን ምርኮ ማን እንደያዘ የመስመሩ መዘግየት ሊወስን ይችላል። በጨርቁ ዙሪያ ግን የተመልካች ዓይን ነበር።

የተመልካቹም ነገር ቀላል አይደለም። በ1805 እ.ኤ.አ. በእንደርታ፣ አንጣሎ፣ የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ያየው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ እየጮኸ እንደሚመክርና ጠጠሩን አንሥቶ እንደሚያሳይ ጽፏል፤ ራስ ግን ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ይደረግ ነበር። ማሽኑ ራስን አያውቅም፤ ስለዚህም የበለጠ ፍትሐዊ ነው። ግን ለታሪክ ተመራማሪ ያ አድሎ ራሱ ማስረጃ ነው። ንጉሡን በእግረኛ መርታት ከሁሉ የላቀ ክብር ያሰጥ እንደነበረም ተጽፏል። ለፕሮግራሙ ግን በምንም ይሁን በምን ማሸነፍ ያው ማሸነፍ ነው።

የኮምፒዩተሩ ትክክለኛ ጥቅም በሌላ በኩል ይገኛል። እግረኛ የገበታው ጫፍ ሲደርስ ምንም ሹመት እንደማያገኝ ሶልት ይናገራል፤ በኋላ የተጻፉ ዘገባዎች ደግሞ ይሾማል ይላሉ። ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ልዩነት ከመጀመራቸው በፊት ተነጋግረው ያልፉታል። ፕሮግራም አዘጋጁ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ስለሚሆንበት፣ በጽሑፉ ውስጥ የተደበቀው ክፍተት ሁሉ ይገለጥለታል። እነዚህ ክፍተቶች ተለቅመው የመስክ መጠይቅ ቢሆኑ ኮምፒዩተሩ ከማጫወት ይልቅ በመጠየቅ ይረዳ ነበር።

መስኩም ሩቅ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደጠፋ ጽፈዋል፤ ያኛው ወረራ ይህኛውን አጠፋው ማለት ነው። በ1928 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ወደ መቶ ዓመት ተጠግቷል። የዓይን ምስክር ማግኘት ተስፋው የመነመነ ነው፤ ከአባት የተሰማ ወግ፣ የጠጠር ስም፣ በሣጥን ታች የተቀመጠ ጨርቅ ግን በደባርቅ፣ በዳባትና በጃን አሞራ ሊፈለግ ይችላል። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች አብረው ቢወጡ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ይህ ነው፦ በወረራ መካከል ሁለት እጆች በአንድ ጠጠር ላይ ሲገናኙ፣ ማን ቀደመ ብሎ የሚፈርደው ማን ነበር?