ክረምት ወንዝ አያጥብም

«የክረምት ጎርፍ የወንዞቻችንን ቆሻሻ ጠራርጎ ያነጻል» የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጠራርጎ ወዴት? የጨሞጋ ወንዝ ከጮቄ ተራራ ወርዶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ አልፎ ዓባይ ይገባል፤ በመንገዱ ሁሉ ሰውና ከብት ይጠጣዋል።

ውሃ ሲበዛ በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ከባድ ብረታ ብረት ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። እርሳስና ክሮም ግን በአብዛኛው የሚጓዙት ደለል ላይ ተጣብቀው ነው። በጋውን ሙሉ ጋራዥ ደጅ የተደፋው የተቃጠለ ዘይት፣ የተሰበረው የመኪና ባትሪ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚታጠበው ዚንክ በሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች አንድ ላይ ይወርዳል። ጎርፉም ወንዙ ወለል ላይ የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ሲጎድል ደለሉን ማሳ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ብረት ደግሞ አይበሰብስም። በአዲስ አበባው አቃቂ ወንዝ በሚለማው አትክልት ላይ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱ በተደጋጋሚ የተጠና ነው።

የወንዝ ውሃ ናሙና በሰኔ፣ ጎርፉ በሚወርድበት ሰዓት፣ ሳይጣራ ከነደለሉ ይወሰድና እንነጋገር።